አቧራ የሚይዝ የናኖፋይበር መስኮት ወንፊት፦ ፓተንት፣ ግልጋሎት ሞዴል ወይስ ሚስጥር?

ጅማ ውስጥ አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው ከጓደኛም ከዘመድም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ "ቶሎ ብለህ ፓተንት አውጣበት።" ምክሩ ከልብ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሕጋችን ለፈጠራ የሚሰጠው ከለላ ብዙ ዓይነት ነው፤ ፓተንት፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት ሌላ ሰው ፈጠራዎን እንዳይሠራ የሚከለክል መብት፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። አንዱ ጋ የሚወድቅ ሥራ ሌላው ጋ ያልፋል። የማይሆነውን መርጦ ያመለከተ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ከስሮ ይመለሳል።

እዚህ የማነጻጽረው ለአንድ የተወሰነ ዕቃ ነው፦ አቧራ ለመያዝ ተብሎ በድርብርብ ናኖፋይበር (እጅግ ቀጭን ክር) የተሠራ የመስኮት ወንፊት። ሐሳቡ ለብዙ ሰው መምጣቱ አይገርምም። ጅማ ዝናብ አታጣም፤ በጋ ሲገባ ግን ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። መስኮቱን ሲዘጉት ቤቱ ይታፈናል። ሲከፍቱት ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆች በጣታቸው ስማቸውን ይጽፋሉ።

ከእርስዎ በፊት ማን ምን ሠራ?

ይህን ሳያዩ ምርጫ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የተለመደው የትንኝ ወንፊት ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ትንኝ ይከለክላል፣ አቧራ ግን እንደልቡ ያልፍበታል። ናኖፋይበር የሚባለው ክር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ናኖ ሜትር ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ክሩ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይቀጥናል ማለት ነው። የሚሠራው በአብዛኛው ኤሌክትሮስፒኒንግ በሚባል ዘዴ ነው። ፕላስቲኩ በኬሚካል ይሟሟል። ከቀጭን መርፌ ጫፍ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይጎትተዋል። ማሟሟቻው በአየር ላይ ተንኖ ሲያልቅ ክሩ ብቻ ወንፊቱ ላይ ያርፋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኩሊ እና ሞርተን የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1902 ፓተንት አግኝተውበታል። ፎርማልስ ደግሞ በ1934 ክር ማምረቻ አድርጎ አስመዝግቦታል። ዶናልድሰን የተባለው የማጣሪያ ኩባንያ ናኖፋይበር ያለበትን የኢንዱስትሪ ማጣሪያ ገበያ ላይ ያወጣው በ1981 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃን የሚያሳልፍ የናኖፋይበር ማጣሪያ አሳተሙ፦ 90 በመቶ ያህል ብርሃን ያሳልፋል፣ ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ከ95 በመቶ በላይ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ክሩን በቀጥታ የመስኮት ወንፊት ላይ በአየር ግፊት የመንፋት ዘዴ ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ "ናኖፋይበር ያለበት አቧራ የሚከላከል የመስኮት ወንፊት" የሚለው ሰፊ ሐሳብ ባለቤት ሊወጣለት አይችልም። የዓለም ሆኗል። "የእኔ እኮ ድርብርብ ነው" ማለትም ብዙ አያስኬድም፤ ስሱን ንብርብር በሁለት ወንፊት መካከል ማስገባት የማጣሪያ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ጅማ ላይ ሲገጠም የሚመጣው ችግር ቀረ። ለምሳሌ ፒቪኤ የሚባለው ፕላስቲክ ለመፍተል ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ያሟሟዋል። ሳይታከም ከተገጠመ የመጀመሪያው ዶፍ ክሩን አጥቦ ይወስደዋል። በኤሌክትሪክ ሙል ብናኝ የሚስብ ንብርብርም እርጥበት በበዛበት አየር ጉልበቱ ይደክማል። ሌላም አለ። ወንፊት በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ናኖፋይበር ደግሞ መታሸት አይወድም፣ እየተላጠ ይነሳል። ከእነዚህ አንዱን በትክክል ከፈቱ፣ መብት የሚጠየቅበት ነገር እዚያ ጋ አለ።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። የመንገድ አቧራ አብዛኛው ተለቅ ያለ ብናኝ ነው፤ ደቃቁ በአብዛኛው ከጭስ የሚመጣው ነው። ዕቃዎ የትኛውን እንደሚይዝ ለይተው ካልለኩ ማመልከቻው ላይም ደንበኛ ፊትም ያስቸግርዎታል። ከሰሉ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሆነ ደግሞ ወንፊት ምንም አያደርግም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት ለራስዎ የሚመልሷቸው ጥያቄዎች አሉ።

አዲስነቱ የሚለካው ከዓለም ጋር ነው ወይስ ከአገር ውስጥ ጋር? ሥራው ለሙያው ሰው "ይኼማ ግልጽ ነው" የሚያሰኝ ነው ወይስ ያልተጠበቀ ነገር አለው? ተፎካካሪ አንዱን ገዝቶ፣ ፈትቶ ቢያየው አሠራሩ ይገባዋል? ዕቃው ገበያ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል ብለው ያስባሉ? ወጪውስ? እዚህ ላይ የማመልከቻ ክፍያን ብቻ አያስቡ። የሚጽፍልዎት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ መመላለሱ፣ ዓመታዊ ክፍያው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሚኮርጅ ሰው ቢመጣ ፍርድ ቤት መቆሙ አለ። መክሰስ ለማይችል ሰው የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ከመስቀል ብዙ አያልፍም።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ባለቤቱ ማን ነው? በቅጥር ውልዎ መሠረት ሥራዎ ሆኖ የሠሩት ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። በአሠሪው ቤተ ሙከራና ዕቃ ተጠቅመው ከሆነም የጋራ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማሽን ላይ የፈተለ ተማሪ ወይም መምህር ይህን በጽሑፍ ሳይጨርስ ወደ ማመልከቻ ባይሮጥ ጥሩ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ፓተንት

መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፈጠራው አዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው (ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ) እና ኢንዱስትሪ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። ሦስተኛው ለወንፊት አያሳስብም። የሚጥሉት ሁለቱ ናቸው።

አዲስነት እዚህ በዓለም ደረጃ ነው። በየትም አገር በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በመጠቀም ለሕዝብ የወጣ ነገር ይቆጠርብዎታል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ከእርስዎ ማመልከቻ ፊት ተሰልፈው ይቆማሉ።

ፈጠራዊ ብቃት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሁለት ንብርብር የነበረውን ሦስት ማድረግ፣ ናይሎኑን በሌላ ናይሎን መተካት ሙያተኛ ሳይቸገር የሚደርስበት ነገር ነው። ይህን የሚያልፉት ቁጥር ይዘው ነው። ለየብናኙ መጠን የመያዝ አቅሙ ስንት ነው? አየር ሲያልፍበት የሚወርደው ግፊት ስንት ነው? ምን ያህል ብርሃን ያሳልፋል? ዋናው ደግሞ፣ እነዚህ ሁሉ ከታጠበ በኋላ ስንት ሆኑ? ከታወቀው ጋር ጎን ለጎን ለክተው ያልተጠበቀ ልዩነት ካሳዩ ክርክር አለዎት። የስታንፎርዱን ቁጥር በንጹሕ ወንፊት ለመብለጥ መድከም አያዋጣም፤ በዝናብና በመታጠብ ላይ ይወዳደሩ።

አጻጻፉ ራሱ ዕጣዎን ይወስናል። "ከናኖፋይበር የተሠራ አቧራ የሚከላከል ወንፊት" ብለው መብት ከጠየቁ በመጀመሪያው ፍለጋ ይወድቃል። እንዲህ ቢጻፍስ? "ውጫዊ የፖሊስተር ወንፊት፣ ውስጣዊ የፖሊስተር ወንፊት፣ በመካከላቸውም ከናይሎን 6 የተፈተለ ንብርብር ያለው ሆኖ፣ ንብርብሩ ከውጫዊው ወንፊት ጋር በክሮቹ መገናኛ ነጥቦች ላይ ብቻ በሙቀት የተጣበቀ፣ የወንፊቱ ቀዳዳዎችም ሙጫ ያልነካቸው..." ጠባብ ነው። ግን የሚያዝ ነገር አለው፤ መርማሪውም ምን ላይ እንደሚፈልግ ያውቃል። ይህ የናሙና አጻጻፍ ነው፤ የእርስዎ ነጥብ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው። ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመራል። ዓመታዊ ክፍያ አለ፤ ካልከፈሉ ይቋረጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ። በአዋጁ መሠረት የፓተንት ባለቤት ዕቃውን ከውጭ የማስመጣት ሞኖፖል የለውም። ጎረቤትዎ ያለውን አልሙኒየም ቤት እንዳይኮርጅ ማስቆም ይችላሉ። በኮንቴይነር የሚገባውን ግን በዚህ ወረቀት ብቻ አያቆሙትም። ዋጋ ሲያሰሉ ይህን አይርሱ።

ዕቃውን ለሰው ስለማሳየትም አንድ ቃል። ሕጉ አመልካቹ ራሱ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ያሳየውን ይቅር ይላል። እሱን ተማምነው ኤግዚቢሽን ላይ አይሽቀዳደሙ፤ አውሮፓ ይህ ይቅርታ የለም ማለት ይቻላል። ነገ ውጭ ማስመዝገብ ሊያምርዎት ይችላል። በዚያ ላይ ሁለት ሰው ለየብቻው ቢደርስበት ቀድሞ ያመለከተው ነው ባለመብት።

አማራጭ ሁለት፦ የግልጋሎት ሞዴል

ለብዙው የጅማ ሠሪ ትክክለኛው ይኼ ይመስለኛል። ስሙ ስለማያምር ነው መሰለኝ ሰው ይሸሸዋል፤ "ፓተንት አለኝ" ማለት ይበልጥ ይጣፍጣል።

ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ነው። አዲስነትና ኢንዱስትሪ ላይ መዋል ይጠየቃል፤ ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅም። አዲስነቱም የሚለካው በአገር ውስጥ ነው። ዕድሜው 5 ዓመት ሲሆን ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ገደብ ግን አለው። የታወቀን ዕቃ ቅርጹን፣ መጠኑን ወይም የተሠራበትን ነገር መቀየር ብቻውን አይቆጠርም። ለውጡ የዕቃውን ባሕርይ ወይም አገልግሎት የቀየረ መሆን አለበት። አንዱን ክፍል ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራ ሌላ ክፍል መተካትም መሻሻል ካላመጣ አይሆንም።

ወደ ወንፊታችን እናምጣው። ነጭ የነበረውን ፍሬም ቡናማ ማድረግ፦ አይሆንም። የፕላስቲኩን ወንፊት በፋይበርግላስ መተካት፣ ሌላ ለውጥ ከሌለ፦ አይሆንም። ከአልሙኒየሙ ፍሬም ላይ በአንድ እጅ ተስቦ የሚወጣ፣ ናኖፋይበሩን ሳይነካ ውጫዊው ወንፊት ብቻ የሚታጠብበት መሳቢያ፦ ይኼ አገልግሎቱን ቀይሯል፣ ያስኬዳል። ጥቂት ዲግሪ ወደ ውጭ አዘንብሎ ዝናቡን በታች ባለ ቦይ የሚያስወጣ ፍሬምም እንዲሁ። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ይህ ዓይነቱ የፍሬም ብልሃት ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከእንጨትና ከአልሙኒየም ቤት የሚወጣ ነው።

አደጋው ቀድሞ መሸጥ ላይ ነው። አዲስነቱ በአገር ውስጥ ስለሚለካ፣ መርካቶ አካባቢ ላለ ሱቅ ገጥመው ሰው ሁሉ እያየው ከዋለ በኋላ "አዲስ ነው" ማለት ያከራክራል። መጀመሪያ ያመልክቱ፣ ከዚያ ይግጠሙ። "አገር ውስጥ ካልታየ ከውጭ ድረ ገጽ ወስጄ ላስመዝግብ" የሚልም አይጠፋም። መብቱ የፈጣሪው ነው፤ ያልፈጠሩትን በስምዎ ማስመዝገብ ተከራካሪ የመጣ ዕለት ይፈርሳል።

አማራጭ ሦስት፦ አስገቢ ፓተንት

ይህ ለፈጣሪ ሳይሆን ለባለሀብት ነው። ውጭ አገር ፓተንት ያለው፣ ዕድሜው ያላለቀ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበ ቴክኖሎጂ አምጥቶ እዚህ ለሚያመርት ሰው ይሰጣል። እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሥራ ላይ መዋሉን ማሳየት ግዴታ ነው። ማሽን አስገብቶ ፋብሪካ ለመትከል ያሰበ ሰው ይየው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ እውነት አለ፦ ፓተንት የአገር ነው። ቻይና ወይም አሜሪካ ብቻ የተመዘገበ ወንፊት ጅማ ውስጥ ሠርተው እንዳይሸጡ አያግድዎትም። ወደተመዘገበበት አገር ከላኩት ግን ችግር ነው።

አማራጭ አራት፦ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ

መልክን ብቻ ይጠብቃል። የፍሬሙ ጌጥ፣ የወንፊቱ ጥልፍ ቅርጽ። 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ስለሚታደስ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። አቧራ መያዙን አይጠብቅም። መልኩ ራሱ ገበያ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ያስቡት።

አማራጭ አምስት፦ የንግድ ሚስጥር

ምዝገባ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ዕድሜውም ሚስጥሩ እስካልወጣ ድረስ ነው። ጥያቄው ምኑ ነው ሚስጥር ሆኖ የሚቆየው?

ፍሬሙ አይቆይም። ካቻቪቴ ያለው ሰው ፈትቶ ያየዋል። የአመራረቱ ሂደት ግን ይቆያል፦ ፕላስቲኩ ስንት በመቶ ተሟሟ፣ ቮልቱ ስንት ነበር፣ መርፌው ከወንፊቱ በስንት ሴንቲ ሜትር ራቀ፣ የክፍሉ እርጥበት በምን ተያዘ። የተጠናቀቀውን ወንፊት በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው የክሩን ውፍረት ይለካል እንጂ ይህን ሁሉ አያነብም። የጅማን እርጥበት አሸንፈው ወጥ የሆነ ክር የሚፈትሉበትን መንገድ ካገኙ፣ እኔ ብሆን ፓተንት ላይ አልጽፈውም። ፓተንት ሲወጣ ዝርዝሩ ለሁሉም ይታያል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የንግድ መረጃን ከመልካም የንግድ ሥርዓት ውጭ መግለጥንና መጠቀምን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ብሎ ይከለክላል። ይህ እንዲሠራልዎ ግን ሚስጥር አድርገው መያዝዎ መታየት አለበት። ከሠራተኛ ጋር የሚስጥር ጠባቂነት ውል ይፈርሙ፤ ቀመሩን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። የሥራ ቦታውን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እየለቀቁ "ሚስጥር ነበር" ማለት አይሆንም። ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ከደረሰበት ደግሞ ሕጉ አያድንዎትም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | አዲስነት | ፈጠራዊ ብቃት | ዕድሜ | ከወንፊቱ የሚስማማው | ደካማ ጎኑ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፓተንት | በዓለም | ያስፈልጋል | 15 + 5 ዓመት | በልኬት የተረጋገጠ አዲስ የንብርብር አሠራር | ወጪው፣ ቀደምት ሥራ መብዛቱ |
| ግልጋሎት ሞዴል | በአገር ውስጥ | አያስፈልግም | 5 + 5 ዓመት | ፍሬም፣ መሳቢያ፣ አገጣጠም | አጭር ዕድሜ |
| አስገቢ ፓተንት | ውጭ የተመዘገበ፣ እዚህ ያልተመዘገበ | ውጭ የተመዘገበው በቂ ነው | እስከ 10 ዓመት | ከውጭ የመጣ ቴክኖሎጂ | ማምረትን በየዓመቱ ማሳየት |
| ንድፍ | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | እስከ 15 ዓመት | መልክና ጥልፍ | አሠራሩን አይጠብቅም |
| ሚስጥር | የለም | የለም | እስካልወጣ ድረስ | የአመራረት ቀመር | ሌላ ሰው ከደረሰበት ያበቃል |

ለማን የቱ?

አልሙኒየም ወይም እንጨት ቤት ኖሮት የናኖፋይበሩን ጨርቅ ከሌላ የሚገዛ ሰው፦ ግልጋሎት ሞዴል። ሌላው አይመለከትዎትም። የተረፈውን ገንዘብ ስም በማስመዝገብ ላይ ያውሉት። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለ7 ዓመት ይመዘገባል፣ ይታደሳልም። ደንበኛ የሚያስታውሰው ስሙን ነው።

ራሱ የሚፈትል፣ አነስተኛ በጀት ያለው ወጣት ቡድን፦ ፍሬሙን በግልጋሎት ሞዴል፣ አመራረቱን በሚስጥር። ሁለቱ አይጋጩም።

የቤተ ሙከራ ልኬት ያለው ተመራማሪ፦ ከታጠበ በኋላም የማይወድቅ ቁጥር ካለዎት ፓተንት ይሞክሩ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለውን የባለቤትነት ጉዳይ ይጨርሱ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ያመልክቱ። አማካሪዎ ለማሳተም ቢቸኩሉ እንኳ ጥቂት እንዲታገሡ ይለምኗቸው።

መክሰስ የማይፈልግ፣ ማንም እንዳይይዘው ብቻ የሚፈልግ ሰውም አለ። እሱ ሥራውን ቀንና ዝርዝር ይዞ በግልጽ ያሳትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አዲስ ነው ብሎ ፓተንት ሊጠይቅበት አይችልም።

ከማመልከትዎ በፊት የሚደረግ ፍለጋ

ማመልከቻው የሚገባው አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት በስልክ የወቅቱን የክፍያ ተመንና የቅጽ ዝርዝር ይጠይቁ።

ፍለጋውን ግን ጅማ ተቀምጠው በነጻ መሥራት ይችላሉ። ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፓስኔትና ፓተንትስኮፕ በሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ "ናኖፋይበር"፣ "ዊንዶው ስክሪን" እና "ኤሌክትሮስፒኒንግ" የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል አጣምረው ይፈልጉ። የቻይና ሰነዶች ብዙ ይወጣሉ፤ ጉግል ይተረጉማቸዋል፣ አይለፏቸው። በምድብ፣ ማለትም ፓተንቶች በየዘርፋቸው በሚሰጣቸው መለያ ኮድ፣ መፈለግ ደግሞ ይበልጥ ያጠራል። የመስኮት ወንፊት ምድቡ ኢ06ቢ 9/52 ነው፣ ከሠራሽ ክር የሚሠራ ማጣሪያ ደግሞ ቢ01ዲ 39/16፤ ፊደሎቹ በላቲን ይጻፋሉ። ከሚያገኟቸው ውስጥ ለእርስዎ ሥራ በጣም የሚቀርቡትን ሦስት ወይም አራት አትመው ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ላይ "የእኔ ከዚህ የሚለየው..." ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ክሩ ወይም ስለ ንብርብሩ ከሆነ ወደ ፓተንት፣ ስለ ፍሬሙ ከሆነ ወደ ግልጋሎት ሞዴል፣ ስለ አፈታተሉ ከሆነ ወደ ሚስጥር ይሂዱ። መጻፍ ካቃተዎት ወንፊቱን ሠርተው ይሽጡ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ሰው ያስመዘገበው ካልሆነ እሱን የሚከለክልዎ የለም።